የዘጠነኛው ፎቅ እንግዶች

ማርሴይ፣ ላ ካሩብ
ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ፣ ለተከበሩት አጎቴ ለመምህር ምሳይዲዬ፤

አላህ ጤናዎን፣ የቀሩትን ሦስት ጥርሶችዎንና ቀይ እስክሪብቶዎን ይጠብቅልኝ። እኔ የእህትዎ የዛልሃታ ልጅ ናሱፍ፣ ያው ከትምህርት ቤት የተባረረው፣ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤዬ ላይ ሃያ ሦስት ስህተት አርመው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ ዲፕሎማ ይመስለዋል።

በስልክ የተወራ ጎረቤት ይሰማዋል፣ በወረቀት ጻፍልኝ ብለዋል። እሺ። ይህንን ወደ ንጋዚጃ ደሴታችን፣ ወደ ሞሮኒ ለሚበር ሰው እሰጣለሁ፤ ኮሮናው አውሮፕላኑን ከለቀቀው ይደርስዎታል።

ኮኮ፣ አያቴ፣ ማለትም የእርስዎ እናት፣ ደህና ናት። ሳንባዋ ግን እንደሚያውቁት ነው። ሐኪሟ "ይህ በሽታ ከያዛቸው አይችሉትም፣ ቶሎ አስከትቧቸው" ብሎናል። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሕጉም ከሁሉ በፊት የሚከተቡት እንደ እሷ ያሉ ናቸው ይላል። ታዲያ ምን ሆነ መሰለዎት? ክትባቱ ራሱ ወደ እኛ መጣ! ከሕንፃችን ሥር ያለው የስፖርት አዳራሽ፣ ያ እኔ በኳስ መስኮቱን የሰበርኩት፣ የክትባት ማዕከል ሆነ። ከኮኮ መስኮት ቁልቁል ቢተፉ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ሞክሬዋለሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ሲከፈት ለሰፈራችን ሰው መስሎን ነበር። ቂሎች ነን። ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። ጣቴን አሙቄ ተቀመጥኩ። በሰባት ደቂቃ አለቀ! የኮኮን ስም እንኳ ጽፌ አልጨረስኩም፤ መቼም ሰባት ቤት አያቶቿን አስከትላ ነው የምትጠራው። ማን ወሰደው? በማግስቱ መስኮት ላይ ሆኜ አየሁ። ሰፈራችን አይቶት የማያውቀው ዓይነት መኪና ተደርድሯል። ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር፣ ከስምንተኛው ወረዳ የመጡ ባለ ቪላዎች። እነሱ ጋ የሚወራው እኛ ሰፈር በቀን ሦስት ሰው እንደሚታረድ ነው። መርፌው ሲመጣ ግን መንገዱ ወዲያው ሰላም ሆነ።

ማዳም ሶላንዥን ያስታውሷታል? እናቴ ቤቷን የምታጸዳላት ሴትዮ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴን "የት ነው የምትኖሪው?" ብላ ጠይቃት አታውቅም። ባለፈው ሳምንት እናቴ ወለል ስትወለውል መጣችና፣

"ዛልሃታ፣ ላ ካሩብ የሚባለው እናንተ ጋ ነው አይደል? መኪና የት ነው የሚቆመው?"

"ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ማዳም።"

"አይሰረቅም?"

"ልጄ ይጠብቅልዎታል።"

ልጇ እኔ ነኝ። ጠበቅሁላት። ጎማውንም አላስተነፈስኩም። ለዚህ ትዕግሥቴ ብቻ ጀነት ይገባኛል።

ኮኮ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ከሕንፃችን በር ላይ "ኑ ተከተቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አነበብኩላት። "ግድግዳ ሰው ይጠራል እንዴ?" አለችኝ። "ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ በአፉ ካልጠራኝ እኔ ኤሻቲ የትም አልሄድም።" ቢሆንስ ወርዳ የት ልትገባ ነው? ቀጠሮ የለ! ምን እንደምላት ይንገሩኝ።

እጅዎን በሩቁ እስማለሁ፤ በቅርቡ ክልክል ነው።

ናሱፍ


ንጋዚጃ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2021

ለእህቴ ልጅ ለናሱፍ፤

የአላህ ሰላምና የአባቶችህ ምርቃት አይለይህ። ጥርሴ አራት ነው። ስህተትህ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዝቅ ብሏል፣ በርታ። ምላስህ ግን ወደ ላይ ወጥቷል።

ሁለት ገጽ ጽፈህልኝ ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ግን የለበትም። እናቴ ተከትባለች ወይስ አልተከተበችም? ስለ መኪናና ስለ ጎማ አልጠየቅሁህም።

ስለ ጥሪው እናቴ ትክክል ናት። የልጄን ታላቅ ሰርግ ስደግስ ሃያ ሁለት መንደር በእግሬ ዞሬ፣ በየደጁ ቆሜ፣ በአፌ ነው የጠራሁት። በወረቀት የሚጠራ ተከሳሽ ብቻ ነው። የእኔ እናት እንደ ለማኝ ሳትጠራ ሰው በር ላይ አትቆምም። ልጅሽ እንዲህ ብሏል በላት። እናንተ ግን የሚጠራት ሰው ፈልጉ። የመንደራችን ልጆች ማህበር እዚያ አለ አይደል? ሊቀመንበሩን አናግር። ባለሥልጣን ሁለት ሰው ይዞ ደጇ ድረስ ይውጣ። ዘጠኝ ፎቅ ሰው አይገድልም።

ቀይ እስክሪብቶዬ እያለቀ ነው፤ ሁለት ላክልኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

አላህ ልብ ይስጥህ።

አጎትህ ምሳይዲዬ


ማርሴይ
ማርች 1 ቀን 2021

ለባለ አራት ጥርሱ አጎቴ፤ ሰላምታዬ ከባሕሩ ይብዛ፣ ቁጣዎ ከባሕሩ ይነስ፤

እስክሪብቶዎቹ እነሆ። ሦስት አድርጌዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ያስፈልግዎታል።

ሊቀመንበሩን አናገርሁት። "ማህበሩ የሰርግና የቀብር ነው እንጂ የመርፌ አይደለም" አለኝ። ወደ ማዕከሉ ወረድሁ፤ "በኢንተርኔት" አሉኝ። ኢንተርኔት ገባሁ፤ "ሞልቷል" አለኝ። አራት ሰኞ ሞከርኩ፣ አራት ሰኞ ሞላ። ስለዚህ ጉዳዩን ራሴ ያዝኩት። አይቆጡ። ወይም ይቆጡ፣ ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡ።

መጋዘን ስሠራ የተረፈችኝ ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ አለችኝ። እሷን ለበስኩ፣ የእናቴን ፋይል ደረቴ ላይ ያዝኩ። እዚህ አገር ሰደርያ የለበሰና ፋይል የያዘን ሰው ማንም "አንተ ማነህ?" አይለውም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ጋ ቆምኩ። መኪኖቹ መጡ።

"ለክትባት ነው? እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ አቀባበሉ ዘጠነኛ ፎቅ ነው፣ ተከተሉኝ።"

"ሊፍት የለም?" አለች አንዷ።

"ከተበላሸ አምስት ወሩ ማዳም። ስንት ጊዜ አመልክተናል።" ያን ቀን ከአፌ ከወጣው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር።

አሥራ አንድ ሆነው ጀመሩ። አይዘኑላቸው፤ እነዚህ በየእሁዱ ለደስታቸው ብለው ተራራ የሚወጡ ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ዙሪያውን አየና "እዚህ ሰው ይኖራል?" አለኝ። "የለም፣ ዛሬ እናንተ ትመጣላችሁ ብለን ነው ያስገባናቸው" አልኩት። አምስተኛው ላይ አራቱ ተመለሱ። ሰባተኛው ላይ የዶሮ ክንፍ ጥብስ ሸተተ። ስምንተኛው ላይ ሁሉም የደረጃውን መደገፊያ ብረት ጨበጡ። ሰባቱ ዘጠነኛ ደረሱ። ጭምብሏን አውልቃ አየር ስትስብ ያወቅኋት ማን መሰለችዎት? ማዳም ሶላንዥ! ለሁለተኛው መርፌዋ የመጣች። ኮኮ አንድም አላገኘችም፣ እሷ ሁለተኛዋን!

አንኳኳሁ። ኮኮ ከፈተች። ሰባት ነጭ ሽማግሌ ደጇ ላይ ተሰልፎ አየች። ምን እንዳለች ይገምቱ።

"ጫማ!"

አወለቁ፣ ወላሂ። የአንደኛው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ኮኮ ፈረንሳይኛዋ "ቦንዡር" እና "ውድ ነው" ብቻ ስለሆነ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለችኝ በእኛ ቋንቋ።

"ምን አሉ?" አሉኝ በእነሱ።

"ስማችሁን እየመዘገቡ ነው፣ ተቀመጡ አሉ" አልኳቸው። ወደ ኮኮ ዞሬ ደግሞ፣ "ከማዕከሉ ነው የመጡት። አንቺን ለመጥራት።"

አጎቴ፣ ፊቷን ቢያዩት! ጓዳ ገባች። ያንን የበዓል ሻሿን ለብሳ ወጣች። በኮኮናት ወተት ጋግራ ሰሊጥ የነሰነሰችበትን ቂጣ አቀረበች። ካልበሉ አትለቅማ! ሰሊጡ በየአገጫቸው ተለጠፈ። ማዳም ሶላንዥ ግድግዳው ላይ የእናቴን ፎቶ አየችና ደነገጠች። "ይህቺ... ዛልሃታ ናት?" አለች። "ኧረ የሷ ቤት ነው! እሷ ግን ዛሬ የለችም፣ እርስዎ ቤት ናት" አልኳት። ቂጣው ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።

ከዚያ ኮኮ ብድግ አለች። "ሰባት ሰው ደጄ ድረስ ወጥቶ ጠርቶኛል። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? እንሂድ" አለች። እሷ ክንዴን ይዛ ከፊት፣ ሰባቱ ጫማቸውን እየጎተቱ ከኋላ፣ ደረጃውን ተያያዝነው። በየፎቁ በር እየተከፈተ ሰው ያያል። "ወዴት ነው ኮኮ?" ሲሏት "ተጠርቼ!" ትላለች። ሙሽራ ትመስል ነበር።

ወረቀቱ አለቀብኝ። በሰላም ይቆዩልኝ።

ናሱፍ


ንጋዚጃ
ማርች 18 ቀን 2021

ለናሱፍ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ይቅር ይበለኝና ሳቅሁ። አርብ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ አደባባይ በተቀመጡበት ካልሲው እንኳ ሳይቀር አነበብኩላቸው። ሁለቱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። "የኤሻቲ ልጅ፣ እናትህን ፈረንሳይ ራሷ መጥታ ጠራቻት" ይሉኛል።

ቤቴ ገብቼ ደግሜ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ደብዳቤህ ደረጃው ላይ ቆሟል። ወረቀቱ አለቀብኝ ትላለህ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪ ወረቀቱ የሚያልቅበት መልሱን ሲፈራ ነው።

ታች ምን ሆነ?

እስክሪብቶውን ተወው፣ አላርምህም። ይህንን ብቻ ጻፍልኝ።

አጎትህ


ማርሴይ
ማርች 27 ቀን 2021

ለአጎቴ ለመምህር ምሳይዲዬ፤ አሰላሙ አለይኩም፤

አስተማሪ ማለት ክፉ ፍጥረት ነው። እሺ።

ታች ደረስን። በሩ ላይ ጥበቃው "ቀጠሮ?" አለ። ኮኮ ስሟን እስከ ሰባት ቤት ነገረችው። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፈለገች፣ ፈለገች፣ "ዝርዝሩ ላይ የሉም" አለች። ተረጎምኩላት።

"ተጠርቼ ነው የመጣሁት በላት" አለችኝ።

"ማን ጠራዎት?" አለች ልጅቷ።

ኮኮ ዞር ብላ ሰባቱን በእጇ አሳየች። "እነዚህ።"

ያኔ ቀልዴ አፌ ውስጥ መረረኝ። ወደ ሰባቱ ዞርኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሳንባዋ በሽተኛ ነው፣ ቤቷ ከዚህ ጣሪያ በላይ ነው፣ አንዳችሁ የዛሬን ተራ ስጧት፣ እናንተ በሳምንቱ ሌላ ታገኛላችሁ አልኳቸው። ለመንኳቸው፣ አጎቴ። እኔ ለመንኩ።

"እኔ ቀጠሮዬን የያዝኩት በሥርዓቱ ነው" አለ ካልሲው የተቀደደው።

"የልጅ ልጄ ናት የያዘችልኝ፣ እኔ ኢንተርኔት አላውቅም" አለች ሌላዋ። ኮኮም አታውቅማ!

ማዳም ሶላንዥን አየኋት። ሰሊጡ ገና አገጯ ላይ ነበር። "ዛልሃታ ትረዳኛለች" አለች፣ ገባች። እናቴ በዚያች ሰዓት የማንን ወለል እየወለወለች እንደነበር ያውቃሉ።

ሰባቱም አንድ በአንድ ገቡ። በሥርዓቱ! ሥርዓት ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ቁልፉ ግን ለአንዳንዱ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። የሰው ቂጣ በልቶ፣ አገጩን ሳይጠርግ፣ የሰውን ቦታ ይዞ የሚገባበት ነገር ሥርዓት ከተባለ እኔ ሥርዓት የለኝም፤ ከትምህርት ቤት ያባረሩኝም እውነታቸውን ነው።

ኮኮ "ና እንሂድ፣ የሰው ተራ አልለምንም" አለች። መውረጃው ሰርግ ነበር፤ መውጫው ግን አርባ ደቂቃ ፈጀ። በየፎቁ ቆመች። ስድስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን አውልቃ አጣጠፈችው።

"ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች እኔን ለመጥራት አልነበረም የመጡት። አይደል?"

ሻሿን ተቀብዬ ክንዴን ሰጠኋት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አትወርድም። ተጠርቶ ከደጅ የተመለሰ ሰው፣ የመለሰው ሰው ራሱ መጥቶ ይቅርታ ካልጠየቀው አይሄድም ትላለች፤ ልማዱን እርስዎ ያውቁታል። የእሷ አንድ ነገር ነው። ሬዲዮው ግን ምን እንደሚል ያውቃሉ? የሰሜን ሰፈር ሰው ያመነታል! ክትባት ይሸሻል! በር በር እያንኳኳሁ ቆጠርኩ። በእኛ ሕንፃ ደረጃ ላይ ብቻ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሠላሳ አንድ ሰዎች አሉ። የተከተቡት ሁለት። የቀሩትን ሃያ ዘጠኙን "ያመነታሉ?" ብዬ ጠየቅሁ። የአራተኛ ፎቁ አልጄሪያዊ ሽማግሌ በከዘራው ሊመታኝ ነበር፤ ሊጠይቅ በደወለ ቁጥር፣ ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ሙዚቃ ሲያሰሙት ከርመዋል።

አሁን መልካም ዜና። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጣቴ ቀደመ! ለኮኮ ቀጠሮ አገኘሁ፤ ኤፕሪል 29። ሩቅ ነው፣ ግን ተጽፏል። እንድትወርድ የሚጠራት ግን ያስፈልጋል። እኔ አልችልም፣ የእኔ ጥሪ ረክሷል። እርስዎ በአፍዎ ይጥሩልኝ። ስልክ እንደሚጠሉ አውቃለሁ።

ትንሽ ብርድ መቷታል። አያሳስብም።

ናሱፍ


ንጋዚጃ
ኤፕሪል 24 ቀን 2021

ለእህቴ ልጅ፤

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ረመዳን ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያው ቀን ሞሮኒ ወርጄ ደወልኩላት። "እኔ ልጅሽ እጠራሻለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ውረጂ" አልኳት። "አንተ ከጠራኸኝማ እወርዳለሁ" አለችኝ። ሳሉ ግን ንግግሯን ሦስት ጊዜ ቆረጠው። ብርድ ነው አለችኝ። እንዳንተው።

ከስድስት ቀን በኋላ እናትህ ደወለች። ቀሪውን ታውቃለህ። በወንበር ተሸክመው እንዳወረዷት፣ ሆስፒታል ማንም አጠገቧ እንዳልነበረ ነግራኛለች። እኛ እዚህ አስከሬኗ በሌለበት የቀብር ሶላት ሰገድንባት። አፈሩ የእናንተ ሆነ።

ናሱፍ፣ ሳትጠራ እንዳትሄድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት መንደር ዞሬ ጠራሁ ብዬ ስኮራ፣ እናቴን ደጅ ላይ አስቀመጥኳት። ይህን ለሰው አልነገርኩም፤ ላንተ ጻፍኩት።

የምትችል ከሆነ ሻሿን ላክልኝ።

ምሳይዲዬ


ማርሴይ
ሜይ 20 ቀን 2021

ለአጎቴ፤

አላህ ሶብሩን ይስጠን። ሻሿን እናቴ አጥባ ተኩሳዋለች፤ ከዚህ ጋር ይደርስዎታል።

እርስዎ አላስቀሯትም። ይህን እንዳይሉ። እኔም ሌት ተቀን በዚያች ሰደርያ ራሴን ስገርፍ ከርሜያለሁ፤ እናቴ ናት ያስጣለችኝ። "ኮኮ ወርዳለች እኮ" አለችኝ። "ያንተ ቀልድም የአጎትህ ኩራትም ከዚያ በር አልመለሳትም። እዚያ በር ላይ ስትደርስ ኮሮናው አልያዛትም ነበር፣ በእግሯ ቆማ ነበር፣ መርፌውም ከፊቷ ነበር።"

ማዳም ሶላንዥ በእናቴ በኩል አበባ ልካ ነበር። እናቴ ተቀበለች፣ ውኃ ውስጥ ከተተችው፣ እዚያው ማዳም ሶላንዥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፣ የቤቱን ቁልፍ ከጎኑ አኖረችና መጣች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም።

የጻፍኩልዎት ግን በሌላ ነገር ነው። ትናንት በራችን ተንኳኳ። ሰማያዊ ካናቴራ የለበሱ ሁለት ልጆች፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ፣ የእኔ እድሜ። በሊፍት ነው የመጡት። አዎ፣ ተጠግኗል፤ ለእነሱ ብለው ባለፈው ሳምንት። ልጅቷ በእጇ ሰሌዳ የመሰለ ኮምፒውተር ይዛለች።

"ቤት ለቤት ዘመቻ ላይ ነን። ወይዘሮ ኤሻቲን ማናገር እንችላለን? ኤፕሪል 29 ቀጠሮ ነበራቸው፣ አልቀረቡም።"

"ሞታለች" አልኩ።

"በጣም እናዝናለን" አለች። እውነቷን መሰለኝ፤ ዓይኗ ቀላ። ሄዱ ብዬ በሩን ልዘጋ ስል፣ "ይቅርታ... አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረን፣ ካልሞላነው ማሽኑ ወደሚቀጥለው ቤት አያሳልፈንም። ክትባቱን ያልወሰዱበት ምክንያት ምን ነበር?"

"ወርዳ ነበር።"

"የት?"

"ታች። እናንተ ጋ። ሻሽ ለብሳ። ሰባት ሰው አለፋት።"

ልጅቷ ሰሌዳዋን አየች። በጣቷ ከላይ ወደ ታች ሄደች፣ ተመለሰች። እኔም ከፊት ለፊቷ ሆኜ በተገለበጠው አነበብኩት። መረጃ ማጣት። ሃይማኖት። ፍርሃት። የሐኪም ክልከላ። አራት ሳጥን። ስለ ሰባት ሰው የሚል ሳጥን የለም። ስለ ሰባት ደቂቃ የሚል የለም። ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ ሊፍት የሚል የለም። ሁሉም ሳጥን የእኛ ጥፋት ነው፤ የእነሱ ጥፋት የሚገባበት አንድም አልሠሩም።

ልጁ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። "ፍርሃት" የሚለውን ነካችው።

"ሰርዢው" አልኳት።

"ገብቷል፣ አይሰረዝም" አለች። "ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም ያዘጋጀሁት።"

አልሰደብኳትም። የሚገርመው ይህ ነው፤ አንድ ቀልድ እንኳ አልመጣልኝም። ወደ ቀጣዩ በር ሄዱ። በደረጃችን ላይ ሃያ ስምንት በር ይቀራቸዋል፤ የያዙት ጥያቄ እንጂ መርፌ አልነበረም።

አጎቴ፣ ያን አርብ እያነበቡ ያሳቋቸው ሽማግሌዎች አሁንም አደባባይ ይቀመጣሉ አይደል? ይህንንም ያንብቡላቸው፤ ከነስህተቱ፣ ሳያርሙ። ሲጨርሱ ይነሡና ጮክ ብለው ይናገሩልኝ፤ ኤሻቲ አልፈራችም ይበሉ። እዚህ አገር በጽሑፍ ፈርታለች ተብሏልና።

የእህትዎ ልጅ
ናሱፍ